ማስተማርን በዐዋጅ ስለ መከልከል፤ ከደንቀዝ እስከ ቦሩ ሜዳ

በአዲስ ቅዳም አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሰንበቴ ቤት ተቀምጠን ሳለን፥ በከተማይቱ ታሪክ የሚያስተምር አንድ ወጣት መምህር በአጠገባችን ለነበሩት ለየኔታ ጥያቄ አቀረበላቸው። «የኔታ፥ የቦሩ ሜዳን ጉባኤ ለተማሪዎቼ ስነግር ክርክሩን እነግራቸዋለሁ፤ ምላሳቸው ስለ ተቆረጠው ሰዎች ግን ዝም ብዬ አልፋለሁ። ካህናቱ ይቀየሙኛል፥ ወላጆችም ሃይማኖታችንን ነቀፈብን ይላሉ ብዬ እፈራለሁ። ምን ይመክሩኛል?» አላቸው። የኔታም ጥቂት ዝም ብለው፥ «ልጄ፥ የምትፈራው እኛን ነውን ወይስ ነገሩን?» አሉት። ወዲያው ዳቦው ተቆርሶ መታደል ስለ ጀመረ ንግግሩ በዚያው ተቋረጠ። ጥያቄው ግን በልቤ ቀረ፤ ይህንንም ጽሑፍ ያጻፈኝ እርሱ ነው።

ነገሩ የአንድ መምህር ጭንቀት ብቻ አይደለም። በባሕር ማዶ በአሜሪካ አገር ሕግ አውጭዎችና ሊቃውንት ስለዚሁ ነገር ብርቱ ክርክር ይዘዋል። ዴሪክ ቤልና ኪምበርሌ ክሬንሾ የተባሉት የሕግ መምህራን ከባልንጀሮቻቸው ጋራ፥ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1970ዎቹ ዓመታት ጀምሮ፥ ጥቁሩን ሰው ከነጩ በታች ያደረገው የሰዎች ክፉ ልብ ብቻ ሳይሆን ሕጉና የመንግሥቱ ሥርዐት ጭምር ነው የሚል ትምህርት አወጡ፤ ስሙም «ክሪቲካል ሬስ ቲዮሪ» ተባለ። በ2021 አይዳሆ፥ ኦክላሆማ፥ ቴነሲና ቴክሳስ፥ በ2022 ደግሞ ፍሎሪዳ፥ ይህን የመሰለውን ትምህርት የሚከለክል ወይም የሚያጠብብ ሕግ አወጡ። የኦክላሆማው ሕግ፥ ማንም ሰው ስለ ዘሩ ሲል ጸጸት ወይም የኅሊና ጭንቀት ሊሰማው ይገባል የሚል ትምህርት በትምህርት ቤት እንዳይሰጥ ያዝዛል። የአሜሪካ የታሪክ ሊቃውንት ማኅበርና የዩኒቨርሲቲ መምህራን ማኅበር ከሌሎች ጋራ ሆነው በ2021 በሰኔ ወር የተቃውሞ መግለጫ አወጡ፤ የፍሎሪዳውንም ሕግ ዩኒቨርሲቲዎችን በሚነካው ክፍሉ አንድ የፌዴራል ዳኛ በ2022 በኅዳር ወር አገደው። ሕጉን የሚደግፉት ሰዎች ልጅ በአባቶቹ ኀጢአት ሊከሰስ አይገባም ይላሉ፤ ይህ ቃል ብቻውን ሲሰማ የሚጠላ አይደለም። ነገር ግን በዚያው አገር የሳውዝ ካሮላይና ሕግ በ1740 ባሪያን መጻፍ ማስተማርን በመቀጫ ከልክሎ እንደ ነበረ የሚያውቅ ሰው፥ ይህንን ታሪክ ለልጅ ያለ ጭንቀት እንዴት አድርጎ ይነግረዋል ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

እኛም ብንሆን ይህን እንደ ሩቅ አገር ወሬ ልንሰማው አይገባንም። በእኛ ዘንድ በዐዋጅ የተከለከለው ትምህርት የዘር ነገር ሳይሆን የሃይማኖት ነገር ነበር፤ የክልከላው አካሄድ ግን የተለየ አይደለም። ክርስትና በአክሱም ገና ሥር ሳይሰድ፥ የአርዮስን ወገን ይደግፍ የነበረው የሮም ንጉሥ ቆስጠንጢዮስ ለነገሥታቱ ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፎ፥ ፍሬምናጦስን ወደ እስክንድርያ ላኩት፥ በዚያ ባለው ጳጳስ በጊዮርጊስ ፊትም ይመርመር ብሎ ነበር። ደብዳቤውን ያቆየልን ቅዱስ አትናቴዎስ ነው፤ እርሱም ራሱ አምስት ጊዜ ከመንበሩ የተሰደደ ነው። እንግዲህ ቤተ ክርስቲያናችን ንጉሥ እንዳያስተምር ሊያግደው የፈለገ መምህር ልጅ ናት። ይህን የምናገረው ለጌጥ አይደለም፤ ወደ ፊት ስለምናገረው ነገር መሠረት ስለሚሆን ነው።

ከዚያ ወዲህ ክልከላው ከውጭ አገር ንጉሥ ሳይሆን ከገዛ ነገሥታታችን እጅ መጣ። ዓፄ ሱስንዮስ የኢየሱሳውያኑን የፔድሮ ፓኤዝን ትምህርት ተቀብለው፥ ከእኛ ሊቃውንት ጋራ በቤተ መንግሥት ካከራከሯቸው በኋላ፥ አንድ ባሕርይ ብሎ ማስተማርን በዐዋጅ ከለከሉ። ይህ ፓኤዝ በሚያዝያ ወር 1610 ዓ.ም. ንጉሡን ተከትሎ ከእኛ ብዙ በማይርቀው በግሽ የዓባይን ምንጭ ያየ ሰው ነው፤ ስለዚህ የዚያ ዘመን ነገር ለአገው ምድር የሩቅ ታሪክ አይደለም። የንጉሡ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ጎጃምን እየገዛ የአዲሱ ሃይማኖት ዋና ደጋፊ ነበረ፤ በቆለላም ኢየሱሳውያኑ ቤት ሠርተው ተቀምጠው ነበር። ጳጳሱ አቡነ ስምዖን ዐዋጁን በውግዘት ተቃወሙ፤ በ1609 ዓ.ም. በሰዳ ጦርነት ከዮልዮስ ጋራ ተገደሉ። የካቲት 1618 ዓ.ም. ንጉሡና መኳንንቱ በፓትርያርኩ በአልፎንሶ ሜንዴዝ ፊት ለሮም ሃይማኖት ማሉ። ቅዳሜን ማክበር ተከለከለ፤ ካህናቱ እንደገና ካልተሾሙ እንዳያገለግሉ፥ ሕዝቡም እንደገና እንዲጠመቅ ታዘዘ።

ሕዝቡ ግን ታቦቱን እንደ ያዘ ቀረ። ላስታ በመልክአ ክርስቶስ ተነሣ፤ በሰኔ 1624 ዓ.ም. በወይና ደጋ በተደረገው ጦርነት ስምንት ሺህ ሰው ወደቀ ተብሎ ተጽፏል። ንጉሡ የሞቱትን ባዩ ጊዜ፥ እነዚህ ሙስሊም ወይም አረመኔ አይደሉም፥ የገዛ ወገኖችህ ክርስቲያኖች ናቸው ብለው መኳንንቱ እንደ ተናገሯቸው ይነገራል። በዚያው ወር ዓፄ ሱስንዮስ የእስክንድርያን ሃይማኖት የሚመልስ ዐዋጅ አስነገሩ፤ መንግሥቱንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። እንዲህ ሲሆን ለዐሥር ዓመት ያህል በሰይፍ የተጠበቀው ክልከላ በአንድ ቀን አዋጅ ተሻረ።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ለእኛ ይቀልላል፤ ተከልካዮቹ አባቶቻችን፥ ከልካዮቹም በባዕድ ምክር የሄዱ ናቸውና። የሚከብደው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ኢየሱሳውያኑ ከአገር ከወጡ በኋላ ሊቃውንቱ እርስ በርሳቸው ስለ ክርስቶስ ቅብዐት ተከራከሩ። ከአንዱ ወገን ቃል ከሥጋ ጋራ በመዋሐዱ ብቻ ሥጋ የባሕርይ ልጅ ሆነ የሚሉ ተዋሕዶዎች፥ ከሌላው ወገን በመንፈስ ቅዱስ ቅብዐት የባሕርይ ልጅ ሆነ የሚሉ የጎጃም ቅብዐቶች ቆሙ። ከዚያም ቈይቶ በደብረ ሊባኖስ መምህራን ዘንድ ሦስት ልደት፥ ወይም ጸጋ፥ የሚባለው ሦስተኛ ወገን ተነሣ። በጎንደር አንዱ ንጉሥ አንዱን ወገን ሲያጸና ተከታዩ ሌላውን ያጸና ነበር። ዓፄ ዮሐንስና ዓፄ ኢያሱ ተዋሕዶን ይዘው ሳለ፥ ዓፄ ቴዎፍሎስ የጎጃምን ልብ ለማግኘት ቅብዐትን አጸኑ። በ1713 ዓ.ም. ገደማ በዓፄ ዳዊት ዘመን፥ የቅብዐትን ዐዋጅ አንቀበልም ብለው ከእጨጌው ጋራ የተሰበሰቡ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በንጉሡ ወታደሮች እጅ ተፈጁ። አንባቢ ሆይ፥ ይህንን ልብ ብለህ ያዝ፤ በዚያ ቀን ስለ ትምህርታቸው የሞቱት የደብረ ሊባኖስ ሰዎች ናቸው።

በ1830ዎቹ ዓመታት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሦስት ልደት የሸዋ ሃይማኖት እንዲሆን አዘዙ። በ1846 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ፥ የኋላው ዓፄ ቴዎድሮስ፥ ከአቡነ ሰላማ ጋራ በአምባ ጫራ ጉባኤ አድርገው ተዋሕዶን አጸኑ፤ ሌላውን ማስተማር ከለከሉ። ይህም ዐዋጅ ሸዋን ከያዙ በኋላ በዚያ ታወጀ፤ ዓፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ከሞቱ በኋላ ግን የሸዋ መምህራን ወደ ቀድሞው ትምህርታቸው ተመለሱ። የዓፄ ዮሐንስ አራተኛ የቦሩ ሜዳ ጉባኤ እንግዲህ የመጀመሪያው ክልከላ አልነበረም፤ ከብዙ ክልከላዎች የመጨረሻው ነበር።

ስለ ቦሩ ሜዳ ፍርድ ከመስጠት በፊት ዘመኑን ማሰብ ይገባል። ዓፄ ዮሐንስ በኅዳር 1868 ዓ.ም. በጉንደት፥ በዚያውም ዓመት በጉራዕ ከግብፅ ጦር ጋራ ተዋግተው ድል አድርገው ነበር፤ ሆኖም ግብፅ ምጽዋንና ሐረርን እንደ ያዘች ነበረች። በሸዋ አባ ማስያስ የካቶሊክን ሃይማኖት ያስተምር ነበር። ንጉሥ ምኒልክ በመጋቢት 1870 ዓ.ም. በልቼ የገበሩት ገና አሁን ነው። አገር በሃይማኖት ተከፋፍሎ ከውጭ ጠላት ጋራ እንዴት ይቆማል የሚለው አሳብ ከንቱ አልነበረም፤ ዓፄ ዮሐንስን እንደ ጨካኝ ሰው ብቻ የሚያዩ ጸሐፊዎች ይህን ይረሳሉ።

በግንቦት 1870 ዓ.ም. በወሎ በቦሩ ሜዳ የተደረገው ጉባኤ የሊቃውንት ጉባኤ ነበረ። የሦስት ልደት መምህራን ከሸዋ መጥተው ቃላቸውን ተናገሩ፤ የተዋሕዶ መምህራንም መለሱላቸው፤ ከእስክንድርያም የመጣ ደብዳቤ ተነበበ፤ ሁለት ልደት እውነተኛው ሃይማኖት ነው ተብሎ ተፈረደ። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ጎድሎ ነበር፤ አቡነ አትናቴዎስ በ1868 ዓ.ም. ዐርፈው ስለ ነበር በጉባኤው ላይ ጳጳስ አልነበረም። በመንበሩ ቦታ የነበረው የንጉሡ ዙፋን ነው፤ የተጻፈው ቃል የሊቃውንት፥ የተፈረደው ፍርድ የንጉሥ ነበረ። አንመለስም ካሉት አንዳንዶቹ ምላሳቸው ተቆረጠ፤ ይህም የጠላት ወሬ ሳይሆን የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊዎች ያስቀሩት ነው። የወሎ ሙስሊሞች መኳንንትም ወይ እንዲጠመቁ ወይ ከሹመታቸው እንዲለቁ ታዘዙ፤ ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው የኋላው ራስ ሚካኤል ሆኑ፤ ሼኽ ጠልሐ ግን እንቢ ብለው ሸፈቱ፤ አገሩም ለብዙ ዓመት ሰላም አላገኘም።

ተከራካሪው ሊቅ ተረትቶ እንደ ሆነ ምላሱ ምን አደረገ? ካልተረታም መልሱ ገና አልተሰጠም። ይህን የምለው ተዋሕዶን ለመጠራጠር አይደለም፤ እኔ ራሴ በቦሩ ሜዳ የተወሰነውን ሃይማኖት አምናለሁ። እውነት የሆነውን ነገር በቢላዋ መጠበቅ ግን ለእውነቱ ስድብ ነው፤ ሰሚው ዛሬ ለክርክሩ ሳይሆን ለቢላዋው ይጠይቃልና። ሐዋርያት በኢየሩሳሌም ስለ ግዝረት በተከራከሩ ጊዜ ለአሕዛብ የላኩት ደብዳቤና ሁለት መልእክተኞች ነበሩ፤ ከዚያ በቀር ሌላ ነገር አልላኩም።

ከደብረ ሊባኖስ ነገር ደግሞ ልመለስ። በ1713 ዓ.ም. ገደማ ስለ ተዋሕዶ በንጉሥ ወታደር የተገደሉት የዚያ ገዳም ሰዎች ናቸው፤ በ1870 ዓ.ም. ስለ ሦስት ልደት በንጉሥ ፍርድ የተቀጡት የዚያው ቤት ደቀ መዛሙርት ናቸው። ግንቦት 1929 ዓ.ም. ደግሞ የግራዚያኒ ወታደሮች የዚሁን ገዳም መነኮሳትና ዲያቆናት ስለ ሃይማኖት ክርክር ሳይሆን ስለ አገራቸው ፈጇቸው። የፋሺስቱ መንግሥት በያዘን ጊዜ ትምህርትንም በሕግ ከፋፍሎት ነበር፤ በ1928 ዓ.ም. በወጣው ሕግ የአማራው አገር በአማርኛ፥ የሌላው በየአገሩ ቋንቋ እንዲማር አዘዘ። ይህ ለቋንቋዎቹ ፍቅር የተደረገ የሚመስለው ካለ፥ ያው መንግሥት በማግሥቱ ዓመት ኢጣልያዊ ከኢትዮጵያዊት ጋራ እንደ ባልና ሚስት እንዳይኖር በወኅኒ የሚቀጣ ሕግ ማውጣቱን ይመልከት። የቋንቋው ሕግ ለመከፋፈል ነበረ፤ የዘሩ ሕግ ለማዋረድ።

ከነጻነት በኋላ በነሐሴ 1936 ዓ.ም. ስለ ሚስዮኖች የወጣው ድንጋጌ አገሪቱን የቤተ ክርስቲያን አገርና ክፍት አገር ብሎ ለሁለት ከፈለ። በመጀመሪያው ሚስዮን ሃይማኖቱን እንዳያስተምር፥ በሁሉም ዘንድ ግን የማስተማሪያው ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን አዘዘ። እኛ ካህናት በዚህ ደስ ብሎን ነበር፤ አልደብቅም። በአገው ምድር ግን በቤቱ አዊኛ የሚናገር ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ የእናቱን ቃል በበር ጥሎ ይገባ ነበር፤ በዚያ ዘመን ይህን እንደ ነገር የቆጠረው ጥቂት ሰው ነው። ዛሬ በአዊ ዞን አዊኛ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይሰጣል፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ፥ ከፖለቲካ ወገንተኛነትና ከባህል ጭፍን ጥላቻ ነጻ ሆኖ ይሰጥ ይላል። ወጣቱ መምህር የሚፈራው ነገር ግን በሕግ የተጻፈ አይደለም። ሕጉ የፈታውን የሰው ፊት ይከለክለዋል፤ ይህኛው ክልከላ ከዐዋጅ የከፋ ነው፥ የሚሽረው ዐዋጅ የለምና።

ስለ ራሳችን ትምህርት ቤት አንድ ቃል ልጨምር። ሃይማኖተ አበውን የሚማር ደቀ መዝሙር አርዮስ ምን አለ፥ መቅዶንዮስ ምን አለ፥ ንስጥሮስ ምን አለ ብሎ ሳይማር የኒቅያን፥ የቁስጥንጥንያንና የኤፌሶንን መልስ አይረዳም። አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ በ1416 ዓ.ም. የፈጸሙት መጽሐፈ ምሥጢር መናፍቃኑን በየስማቸው እየጠራ ይመልስላቸዋል፤ ቃላቸውን ሳይናገር አንዱንም አያልፍም። ይህ የቤታችን ልማድ ነው። በቦሩ ሜዳ ከቢላዋው ይልቅ ለተዋሕዶ ብዙ የሠራው በዚያው በቦሩ ሥላሴ ወንበር ዘርግተው ብዙ ደቀ መዛሙርት ያፈሩት መምህር አካለ ወልድ ናቸው። በጎጃም ግን ለቅብዐት ስሙ እየተጠራ፥ ክርክሩም ሲያንሰራራ ሲያርፍ እስከ ዛሬ ኖሯል፤ ዐዋጁ ከተነገረ መቶ አርባ ዓመት አልፎታል። ወጣት ካህናት የቅብዐትን ስም ለስድብ ያውቁታል፤ ምን እንደሚል ሲጠየቁ ግን ብዙዎቹ ይቸገራሉ፤ ይህንን በጎጃም ብዙ ቦታ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የተከለከለው ጥያቄ ሲጠፋ መልሱም አብሮት ይደክማል፤ የአባቶቻችን ድካም ትርጉሙ የሚታወቀው ተከራካሪው በታወቀ ጊዜ ነው።

አራቱ ጳጳሳት ከእስክንድርያ የመጡት በ1874 ዓ.ም. ነው፤ ከመካከላቸውም አቡነ ሉቃስ ለጎጃም ተሰጡ። በመጡ ጊዜ ጉባኤው ተበትኖ፥ ፍርዱም ተፈጽሞ ነበር።

በሰንበቴው ቀን የተቋረጠው ነገር በሚቀጥለው ቅዳሜ ተፈጸመ። ወጣቱ መምህር ከገበያ ሲመለስ ደብተሩን ይዞ ወደ የኔታ ቤት መጣ፤ እኔም በዚያ ነበርሁ። የኔታ ከደጃፉ ጥላ ሥር አጎዛቸው ላይ ተቀምጠው፥ አስቀድመው የሦስት ልደትን ወገን ቃል እንደ አንድ የደብረ ሊባኖስ መምህር አድርገው ተናገሩ፤ ቀጥሎም የቅብዐትን፥ በመጨረሻም የተዋሕዶን። ሲናገሩ ከሦስቱ የትኛው የራሳቸው እንደ ሆነ ከድምፃቸው አይታወቅም ነበር፤ የቆሎ ተማሪዎቹም ማንጠልጠያቸውን ትተው ተሰበሰቡ። አንዱ ሕፃን፥ «የኔታ፥ ይህን ያስተማርዎ ማን ነው?» ቢላቸው፥ «መምህሬ ናቸው፤ የሌላውን ቃል ያላወቀ በጉባኤ ቆሞ አይናገርም ብለው አንድ ክረምት ሙሉ አስጠኑኝ» አሉት። ወጣቱም መምህር፥ «ስለ ምላሱስ?» አላቸው። የኔታ፥ «እሱንም ጻፈው፤ ከክርክሩ በኋላ ጻፈው እንጂ በክርክሩ ፋንታ አትጻፈው» ብለው መቋሚያቸውን አንሥተው ወደ ሠርክ ጸሎት ሄዱ።